ፈንጣጣ ጠፋ፤ ኩፍኝ ለምን ቀረ?

(ለአዲስ አንባብያን በሬዲዮ የቀረበ ትምህርት፤ ንግግሩ እንደ ተነገረ የታተመ)

 

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ የማጫውታችሁ ታሪክ ነው። ታሪክ ስላችሁ ግን የነገሥታት ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በጎንደር ስለ ፋሲል ግንብ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። የዛሬው የሁለት በሽታዎች ታሪክ ነው። አንደኛው ፈንጣጣ ነው። ሁለተኛው ኩፍኝ ነው። ሁለቱም ሕፃናትን ይፈጁ ነበር። አንደኛው ከምድር ላይ ጠፋ። ሁለተኛው ግን ዛሬም አለ። ለምን? ጥያቄያችን ይህ ነው።

1. የአዛውንት ክንድ

እስቲ ከቤታችሁ እንጀምር። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አባት ወይም እናት በቤት ካሉ፣ «ክንድዎን ያሳዩኝ» በሏቸው። ከብዙዎቹ ክንድ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ትንሽ ጠባሳ ታገኛላችሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «የፈንጣጣ ክትባት ነው፣ ልጄ» ይሏችኋል።

ክትባት የሚለውን ቃል ልብ በሉት። «ከተበ» ማለት «ጻፈ» ማለት ነው። ተጽፎ በአንገት የሚንጠለጠለውን «ክታብ» የምንለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንግዲህ ክትባት ማለት በሰውነት ላይ መጻፍ እንደ ማለት ነው። ነገሩም እንደ ስሙ ነው። ክትባት ሰውነትን ያስተምራል። የበሽታውን መልክ አስቀድሞ ያሳየዋል። ሰውነት አንድ ጊዜ ከተማረ በኋላ በሽታው ሲመጣ ያውቀዋል፤ ሳይጥለው ይመክተዋል። እናንተም «ሀ»ን አንድ ጊዜ ካወቃችሁ በኋላ የትም ብታገኟት አትስቷትም አይደለም? እንደዚያው ነው።

አያቶቻችን ይህን ነገር በመጠኑ ያውቁት ነበር። በሰሜኑ ደጋ ፈንጣጣ ሲገባ፣ ከታመመው ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጣ እያደረጉ ይቀቡት ነበር። እንዲህ የተደረገለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ታሞ ይድናል። ግን ጉዳት ነበረው። የሚቀባው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለ ሆነ አንዳንዱ ይሞትበታል። ደግሞም ከተቀባው ሰው በሽታው ወደ ጎረቤት ይተላለፋል። በጤና ሠራተኛ የሚሰጠው ክትባት ግን ከፈንጣጣ ከራሱ የተሠራ ስላልነበረ ሰውን ፈንጣጣ አያስይዝም ነበር።

2. ጎንደር የጤና ማሠልጠኛ ሆነች

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የደንቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገባ። ሰው በሺህ እየሆነ አለቀ። እህል በማሳ ላይ ቀረ፤ አጫጅ አልተገኘም። በዚያ ጊዜ በአገራችን ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበር። ያለውም የሚኖረው በከተማ ነበር።

ከዚህ መከራ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣ። በሽታው ያለው በገጠር ነው፤ ስለዚህ በገጠር የሚሠራ ሰው ይሠልጥን ተባለ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የአሜሪካ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ተባበሩበት። ትምህርት ቤቱ ሦስት ዓይነት ሠራተኛ ያሠለጥን ነበር። ጤና መኮንን ያክማል። የማህበረሰብ ነርስ እናቶችንና ሕፃናትን ትጠብቃለች። ሳኒተሪያን ደግሞ የውሃውን፣ የመጸዳጃውንና የአካባቢውን ንጽሕና ይከታተላል። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ኋላ እያደገ ሄዶ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ትምህርት ቤት ነው።

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በሽታ ገጠር ሲገባ ሕክምና ተከትሎት ገጠር መግባት አለበት የሚለው ትምህርት በኛው አገር፣ በኛው መሬት የተገኘ ስለሆነ ነው።

3. ፈንጣጣ እንዴት ጠፋ?

በጥር ወር 1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት የተገኙት ሕሙማን ከ26 ሺህ በላይ ነበሩ። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ ተጓዙ። ገደሉ ባስቸገረበት ቦታ ሄሊኮፕተርም ተጠቀሙ። ብዙ ቦታ ሕዝቡ ተቀበላቸው። አንዳንድ ቦታ ግን እምቢ አለ። «የራሳችን ከታቢ አለን» የሚል ነበር። ሲያዩአቸው ልጆቹን ይዞ ዱር የሚገባም ነበር። ሠራተኞቹ ግን ተመልሰው መጡ፤ አስረዱ፤ ሽማግሌ ላኩ።

ዘዴያቸው ምን ነበር? እሳት ሲነሣ ገበሬ ምን ያደርጋል? ዙሪያውን ሣሩን ይመነጥራል። እሳቱ የሚበላው ሲያጣ ይሞታል። እነሱም እንደዚያው አደረጉ። አንድ የታመመ ሰው ሲገኝ፣ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ከተቡ። ፈንጣጣ የሚጋባው በተለይ ከፊት ላይ ሲወጣ ስለሆነ የታመመውን መለየት ይቻላል። ሕፃን ልጅ እንኳ በሥዕል ቢያሳዩት «አዎ፣ በዚያ መንደር አይቻለሁ» ማለት ይችላል።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በሶማሊያ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ሰው ታመመ። እሱም በተፈጥሮ መተላለፊያው ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ሆነ። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ «ፈንጣጣ ከዓለም ጠፍቷል» ብሎ አወጀ። ከዚያ በኋላ የተወለድን ሰዎች ክንዳችን ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ የሌለን ለዚህ ነው።

ታዲያ በዚያው በ1972 ዓ.ም. ሌላ ሥራ ተጀመረ። ለሕፃናት ስድስት በሽታዎችን የሚከላከል የክትባት ፕሮግራም በአገራችን ተቋቋመ። ከስድስቱ አንዱ ኩፍኝ ነው። የኩፍኝ ክትባት በአሜሪካ ተሠርቶ ለሕዝብ መሰጠት ከጀመረ ያኔ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ፊደሉና የኩፍኝ ክትባቱ ወደ ገበሬው መንደር ጉዞ የጀመሩት በተቀራራቢ ጊዜ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

4. ኩፍኝ ከፈንጣጣ በምን ይለያል?

በፊት በገጠራችን «ልጅ ኩፍኝ ሳያወጣ አይቆጠርም» ይባል ነበር። ልጁ ይትረፍ አይትረፍ አይታወቅማ! ኩፍኝ እንደ ዕጣ ይታይ ነበር። ለሁሉም የሚደርስ፣ የማይቀር ነገር ነበር።

ኩፍኝ የሚመጣው በዓይን በማይታይ፣ ቫይረስ በሚባል ተሐዋሲ ነው። የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። የታመመው ልጅ ሲያስልና ሲያስነጥስ በአየር ላይ ይቀራል። ልጁ ከቤት ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በክፍሉ አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ያልተከተቡና ታመው የማያውቁ አሥር ልጆች ከታመመው ልጅ ጋር ቢቀመጡ፣ ዘጠኙ ይያዛሉ። በፍጥነት በመተላለፍ የሚስተካከለው በሽታ ጥቂት ነው።

ዋናው ተንኮሉ ግን ሌላ ነው። ኩፍኝ መጀመሪያ ጉንፋን ይመስላል። ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥ፣ የዓይን መቅላት ይታያል። ሽፍታው የሚወጣው ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ነው። ከፊት ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ነገር ግን ልጁ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ሌሎችን እያስያዘ ነው! እናት «ኩፍኝ ነው» ስትል፣ ኩፍኙ ጎረቤት ገብቷል። እንግዲህ ዙሪያውን ሣር መመንጠር ብቻውን አይበቃም። እሳቱ ሲታይ አልፎ ሄዷል። ኩፍኝን አሳዶ መያዝ ያስቸግራል፤ ቀድሞ መጠበቅ ነው ያለው።

ለኩፍኝ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ኩፍኝ ራሱ ሲያልፍ ሌላ በሽታ ይጠራል። የሳምባ ምች፣ ተቅማጥ፣ የጆሮ ሕመም፣ የዓይን መጥፋት ያስከትላል። በምግብ በተጎዳ ልጅ ላይ ይበልጥ ይከፋል። የሳይንስ ሰዎች በቅርቡ ያረጋገጡት ሌላም ነገር አለ። ኩፍኝ ሰውነት ከዚህ በፊት ስለ ሌሎች በሽታዎች የተማረውን ያስረሳዋል። ተጽፎ የነበረውን ይፍቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ ከኩፍኝ ቢድን እንኳ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሌላው በሽታ ሁሉ ይደፍረዋል። «ከኩፍኝ ወዲህ ልጄ ጤና አጣ» የሚሉ እናቶች እውነታቸውን ነው።

5. በኔ ክፍል የሆነው

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ በደጋው አገር በአንድ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ወቅቱ ብርድ ነበር። የደጋውን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መስኮቱን ዘግተን፣ ልጆቹ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አንድ ጠዋት አንድ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ፣ እያሳለ መጣ። ጭስ መስሎኝ «ፊትህን ታጠብና ተቀመጥ» አልኩት። ታጥቦ ተቀመጠ። ሦስት ቀን እንዲሁ መጣ። በአራተኛው ቀን ቀረ። ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣበት።

ከአሥር ቀን በኋላ ሌሎቹም መቅረት ጀመሩ። ከዚያ አግዳሚ ሁለት፣ ከዚህኛው ሦስት። ስም ስጠራ «አቤት» የሚለኝ እያነሰ ሄደ። ያን ልጅ መስኮት በተዘጋ ክፍል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የማስተማሪያ ሙያ ተምሬያለሁ፤ የኩፍኝን መጀመሪያ ግን መለየት አላወቅሁም ነበር።

ተማሪዎቼ ዳኑ። ከተማሪዎቼ የአንዱ ታናሽ እህት ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። በሽታውን ወንድሟ ከክፍሌ ይዞላት ሄዷል። ለቅሶ ደረስኩ። ሰው ሲቀልል እናቲቱ ከሙዳይ ውስጥ የታጠፈ ካርድ አውጥተው ሰጡኝ።

«መምህር፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ» አሉኝ።

የክትባት ካርድ ነው። በስድስት ሳምንት፣ በአሥር ሳምንት፣ በአሥራ አራት ሳምንት ተከትባለች። ሦስቱም ተጽፎባቸዋል። ከሥሩ «ዘጠኝ ወር» የሚል ቦታ አለ። «ኩፍኝ» ይላል። የቀጠሮው ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረውም።

«ሦስቱን ጊዜ አዝዬ ወስጃታለሁ። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ከዚያ ያለቀ መሰለኝ» አሉ። ያለውን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

«እንግዲያ ቀኑ እዚሁ ቤቴ ተቀምጦ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኚህ እናት ልጃቸውን አልረሱም። ሦስት ጊዜ ተራራ ወጥተው ወርደዋል። የነገራቸው ሰው የለም፤ የተጻፈውንም ማንበብ አልቻሉም።

ብዙ ልጆች ኩፍኝ ሳይከተቡ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ከአሥራ አራት ሳምንት እስከ ዘጠኝ ወር ከአምስት ወር በላይ አለ። ረጅም ጊዜ ነው። አጨዳ አለ፣ ውቂያ አለ፣ ክረምት አለ። ቀጠሮው ይረሳል። «ታዲያ ለምን ቀደም ብሎ አይሰጥም?» ትሉ ይሆናል። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ በደሙ ውስጥ አለ። ያ መከላከያ ክትባቱን ሥራ ያስፈታዋል። በዘጠኝ ወር ግን አብዛኛውን ጊዜ አልቋል። ስለዚህ ቀኑ ተመርጦ የተቀመጠ ነው።

6. እስቲ አብረን እናስላ

ቁጥር የተማራችሁ እርሳስ አንሡ። በአንድ ቀበሌ በየዓመቱ 100 ልጆች ይወለዳሉ እንበል። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ካሉ 100 ሕፃናት መካከል ኩፍኝ የተከተቡት 59 ነበሩ። እኛ ለሂሳቡ 60 እንበል። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው አንድ ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል። ስለዚህ ከ60ዎቹ የተጠበቁት 51 ናቸው። ያልተጠበቁት ስንት ሆኑ? 49።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ 49። በሦስተኛው ዓመት ሌላ 49። አንድ ላይ 147 ይሆናሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አልተሰማም፤ ሰው «ኩፍኝ ጠፍቷል» ይላል። አልጠፋም። የደረቀው ሣር እየተከመረ ነው። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከገበያ ወይም ከዘመድ ቤት ይዞት ይመጣል። ያኔ በአንድ ወር ውስጥ መንደሩ ይታመማል።

ስለዚህ ሁለተኛ ክትባት አስፈለገ። ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ይሰጣል። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም መውሰድ አለባቸው። ግማሽ መንደር ቢከተብ ግማሹ ይድናል ማለት አይደለም። ኩፍኝ የቀረውን ፈልጎ ያገኘዋል።

7. ሰው ሲሰበሰብ

ደጋው ሰፊ ነው። ቤቱ በየጉብታው ተራርቆ የተሠራ ነው። ስለዚህ አንዳንድ መንደር ለብዙ ዓመት ኩፍኝ ሳይገባው ይኖራል። አደጋው ሰዉ ከየመንደሩ ወጥቶ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ነው። ታሪካችን ይህን ደጋግሞ አሳይቶናል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ረሃብ ያባረረው ሕዝብ በመጠለያ ተሰበሰበ። በኮረም፣ በመቀሌ፣ በጊዜው ጎንደር ክፍለ ሀገር በነበረችው በእብናት ሰዉ ተጨናነቀ። በመጠለያዎች ውስጥ ሕፃናትን ከፈጁት በሽታዎች አንዱ ኩፍኝ ነበር። ረሃቡ አዳከማቸው፤ ኩፍኙ ጣላቸው።

በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሆነ። በጎንደር ዙሪያ፣ በወገራ፣ በደንቢያና በሰሜን ተራሮች ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ለመሄድ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ገበሬዎች፣ ሸማኔዎች፣ አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ቁጥራቸው ወደ ሃያ ሺህ ይጠጋ ነበር። በየኪራይ ቤቱ፣ በጠባብ ክፍል ብዙ ሆነው ተቀመጡ። ክረምቱ ገባ። ኩፍኝና ሌሎች በሽታዎች ተነሡ። አገር ቤት ሳሉ ያልደረሰባቸው በሽታ በከተማው መጨናነቅ ደረሰባቸው። ብዙ ሕፃናት ሞቱ። ኋላ አንድ የአይሁድ የዕርዳታ ድርጅት ክሊኒክ አቋቋመ። ልጆቹ ተከተቡ። ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመ ፈለጉ። ሞቱ በጣም ቀነሰ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአውሮፕላን ተጭነው ሄዱ። ያው ሕዝብ፣ ያው ከተማ፣ ያው መጨናነቅ ነበር። ልዩነቱ ክትባቱና ክትትሉ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በጎዴ በረሃብ ጊዜ የተደረገ ጥናትም አለ። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 159 ሕፃናት የሞቱበት ምክንያት ሲጣራ፣ በ35ቱ ላይ ኩፍኝ ነበረበት። ከአምስት አንድ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ጥሩ ጊዜም መጣ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች ተመደቡ፤ ክትባቱም ወደ ሰዉ ቀረበ። ነገር ግን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲዘልቅ የጤና ድርጅቶች ተዘረፉ፣ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። በደባርቅና በዳባት ተፈናቃይ ተሰበሰበ። በብዙ ቦታ የክትባት ቀን አለፈ። ከነሐሴ 2013 እስከ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ድረስ በመላ ኢትዮጵያ በምርመራ የተረጋገጠ 16,814 የኩፍኝ ሕሙማን ተመዘገቡ። 182 ሰዎች ሞቱ። ይህ የተመዘገበው ብቻ ነው። ሐኪም ሳያየው በየጎጡ የተቀበረው ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

8. እንግዲህ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ ካርዱን አንብቡ። ዛሬውኑ ከሣጥን አውጡት። አዲስ ፊደል ያወቃችሁ ወገኖቼ፣ ለዚህም ነው የተማራችሁ። «ዘጠኝ ወር» እና «አሥራ አምስት ወር» የሚለውን ፈልጉ። ቦታው ባዶ ከሆነ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ቀኑ ቢያልፍም ሂዱ። «ዘገየሁ፣ ይቆጡኛል» ብላችሁ አትቅሩ። ከቀረ ይልቅ የዘገየ ይሻላል። የጎረቤታችሁንም ካርድ አንብቡላቸው። ማንበብ የማይችሉት ሰው እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ።

ሁለተኛ፣ በቀጠሮው ቀን ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱ። ክትባቱ በቅዝቃዜ የሚጠበቅ ነው። በበረዶ ሣጥን ተይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለአሥር ልጅ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። ሁለት ልጅ ብቻ ሲመጣ ሠራተኛዋ ብልቃጡን ለመክፈት ትቸገራለች። አሥር እናቶች አብረው ሲመጡ ግን ምንም አይባክንም፤ ማንም «ተመለሺ» አይባልም።

ሦስተኛ፣ ኩፍኝ ሲገባ አትደብቁ። በኛ ቤት «ኩፍኝ መርፌ አይወድም» እየተባለ የታመመ ልጅ በጨለማ ጓዳ ይቀመጥ ነበር። ምግብም ይከለከል ነበር። ይህ ልጅን ይጎዳል። የታመመው ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዓይኑን የሚያድን ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ የሳምባ ምች ካለም ይታከማል። ጡት የሚጠባ ይጥባ፤ የሚበላ ይብላ፤ ውሃ አይከልከል። ጠበል የምትወስዱም ልጁ ይዳን ብላችሁ ነው። ነገር ግን ሽፍታ የወጣበትን ልጅ ከብዙ ሕፃናት ጋር አታጋፉት፤ ለሌላው ልጅም እዘኑ። ከትምህርት ቤትም ይቅር። መምህሩ አይቆጣም።

መምህራን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ዓይኑ የቀላ፣ የሚያስልና ትኩሳት ያለው ልጅ ሲመጣ «ታጠብና ተቀመጥ» አትበሉ። እኔ ብዬ አይቼዋለሁ። መስኮቱን ክፈቱ፤ ልጁን ወደ ወላጁ መልሱ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ።

መጀመሪያ «ፈንጣጣ ጠፋ፤ ኩፍኝ ለምን ቀረ?» ብለን ጠይቀን ነበር። አሁን መልሱ በእጃችን ነው። ፈንጣጣ የጠፋው ሠራተኞች እስከ መጨረሻው መንደር ስለ ሄዱ ነው። ኩፍኝ የቀረው ክትባቱ ስለ ጠፋ አይደለም። የመጨረሻው መንደር ስለ ቀረ ነው፤ በየመንደሩም የመጨረሻው ልጅ ስለ ቀረ ነው። ያንን ልጅ ከከተማ የሚመጣ ሐኪም አያውቀውም። እናንተ ታውቁታላችሁ። ካርዱም በእናንተ ቤት ነው፤ አሁን ደግሞ ማንበብ ትችላላችሁ።

በሉ፣ ደኅና ሁኑ።

ለመለማመጃ

ሀ. እነዚህን ቃላት አንብቡ፤ በደብተራችሁም ጻፉ።
ኩፍኝ፣ ፈንጣጣ፣ ክትባት፣ ካርድ፣ ቀጠሮ፣ ብልቃጥ፣ ወረርሽኝ

ለ. በንባብ ጓዳችሁ ተወያዩ።
1. ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ምን ይመስላል?
2. በቀበሌያችሁ በዓመት 100 ልጆች ተወልደው 80 ቢከተቡ፣ ሳይከተቡ የሚቀሩት በሦስት ዓመት ስንት ይሆናሉ?
3. በጎረቤታችሁ ካርዱ ያልተነበበለት ልጅ ማን ነው? መቼ ታነቡለታላችሁ?